የጀልባ ዝገትና የውሃ ልክ ምልክት በርካሽ በምን ይለቃል?

የለገሃሩ፦
ሰላም ቤተሰብ። አጎቴ ላንጋኖ ላይ ስንት ዓመት የተጠቀመባት ትንሽ የፋይበር ግላስ ጀልባ አለችው፣ አሁን ጭነን አምጥተናት ለገሃር ግቢያችን ቆማለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ባህሩስ መቼ ነው የሚመጣው እያለ ይስቅብናል 😂 ነጭ ነበረች፣ ግን ውሃው የሚደርስበት ልክ ላይ ዙሪያዋን ቡናማ ቀለበት ይዟል፣ ከቡሎኖቹ ስር ደግሞ ዝገት እንደ እንባ ወርዷል። በኦሞ አሽቼ አሽቼ ክንዴ ነው የተላቀቀው እንጂ እሱ ወይ ፍንክች። አንድ ቀለም ቀቢ አየና የጠራብኝ ብር ሌላ ጀልባ ይገዛል። በትንሽ ብር የሚያውቅ?

ባቢ፦
በረኪና ድፋበትና እደር፣ የኛን ባኞ ቤት እንደዛ ነው ማጸዳው

ሶስና፦
ኧረ በናትህ! በረኪና ሻጋታ ያነጣ ይሆናል እንጂ ዝገት አያሟሟም፣ እንደውም ያስረዋል። ዝገት የሚፈራው አሲድ ነው። ለትንሹ ሎሚና ጨው ይበቃል፣ ለጀልባ ግን ስንት ሎሚ ልትጨምቅ ነው፣ ሲትሪክ አሲድ ዱቄቱን መርካቶ ጠይቅ፣ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ሶስት የሾርባ ማንኪያ በጥብጥና ጨርቅ ነክረህ ለጥፍበት፣ እንዳይደርቅ በፌስታል ሸፍነህ ግማሽ ሰዓት ተወው፣ ጥላ ላይ ይሁን። በረኪና ከነካኸው ግን መጀመሪያ በደንብ እጠበው፣ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ነው የሚያወጣው፣ ሳንባ አይምርም።

ጋራዥ ነኝ፦
ሶስና ልክ ናት። እምቢ ካለ ኦክሳሊክ አሲድ ይበረታል፣ ግን መርዝ ነው፣ ጓንትና መነጽር አድርግ ልጆችም እንዳይጠጉ። የሽንት ቤቱን አሲድ አታስጠጋ፣ ብረት ብረቱን ይበላዋል። በድስት ሽቦም እንዳትፈትግ፣ ጄልኮቱን (የፋይበሩን የላይኛውን አንጸባራቂ ልባስ) ከመጫሩ በላይ ብናኙ እዛው ቀርቶ እሱ ራሱ ይዝጋል። ደግሞ ቡሎኖቹን በስቴንለስ ቀይር፣ አለዚያ በክረምቱ ዝናብ እንባው ተመልሶ ይወርዳል።

የለገሃሩ፦
ሞከርኩት! የቡሎኑ ዝገት ሁለቴ ስለጥፍበት ሙልጭ። ቀለበቱ ግን ቡናማው ለቆ ስሩ ሻካራ ነጭ ነገር ቀረ??

ሶስና፦
ቡናማው የላንጋኖ ደለል ነው፣ ውሃው መልኩም እሱ አይደል። ነጩ የማዕድን ቅሪት ይመስለኛል፣ ላንጋኖ ሶዳ አለበት። አቼቶ ጠብ አድርግበት፣ አረፋ ካወጣ አሲዱ ይበላዋል ማለት ነው፣ ያንኑ ሲትሪክ ድገምበት። ሲያልቅ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠህ አብስበትና ደጋግመህ እጠብ።

ጋራዥ ነኝ፦
ሲደርቅ የመኪና ዋክስ ቀባው፣ አሲዱ የድሮውን አንስቶታል፣ ራቁቱን ከተውከው ቶሎ ይይዛል።

የለገሃሩ፦
አረፋ አወጣ ✌️ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ማጠቢያው በጀሪካን ሊሆን ነው፣ የሳቁትን ጎረቤቶች ነው ማስቀዳው

ባቢ፦
እኔም ባኞ ቤቱን በሎሚ ልሞክር መሰለኝ 🙈