አክስቴ ምንም ነገር መጣል አትችልም፤ ሶሻል ወርከር ምን ሊረዳት ይችላል?

የእህት ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አክስቴ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ብቻዋን ነው የምትኖረው። ቤቷ ኮተት በኮተት ሆኗል፦ የድሮ ጋዜጣ፣ ባዶ ጠርሙስ፣ ተጣጥፎ የተቀመጠ ፌስታል፣ የማይሠራ ሬዲዮ። አልጋዋ ላይ ልብስ ስለተከመረ የምትተኛው ወንበር ላይ ነው። መታጠቢያ ቤት የሚገባው በጎን ተሹልኮ ነው። ሰሞኑን እዚያው ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝታለች። ወንድሜ «ጊዜው አሁን ነው፣ ሳትመለስ ጠራርገን እንጣለው» ይላል። ሆስፒታሉ ደግሞ ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ) መድቦላታል። ሴትዮዋ የምር የምትረዳን ነገር አለ? ወይስ ወንድሜን ልስማው?

ቀጥተኛው፦
ወንድምሽ ልክ ነው። መኪና ተከራዩ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጀምሩ፣ ማታ ትጨርሳላችሁ። መጀመሪያ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ትለምደዋለች።

ቤት ለቤት፦
አትለምደውም። እኔ ሶሻል ወርከር ነኝ፤ ብዙ ጊዜ የምንጠራው ከእንዲህ ዓይነቷ ቅዳሜ በኋላ ነው። ቤቱ መልሶ ይሞላል፣ እምነቱ ግን አይመለስም። አንድ አባት ልጆቻቸው ቤቱን ካጸዱባቸው በኋላ የበሩን ቁልፍ ቀየሩት። ለልጆቹም፣ ለእኛም፣ ለሐኪምም አልከፍት አሉ። በመስኮት ነበር የምናናግራቸው።

እህቴ፣ ይሄ ዕቃ ማከማቸትና መጣል አለመቻል ስንፍና አይደለም፣ ስስትም አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ መዝግቦታል። የዓለም ጤና ድርጅትም በሕመሞች ዝርዝሩ ውስጥ አካቶታል። አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት ወይም በጉርምስና ይጀምርና ዕድሜ ሲገፋ ይብሳል። ድብርትና ጭንቀትም አብረውት ይመጣሉ። በስተርጅና ድንገት የጀመረ ከሆነ ግን የመርሳት በሽታ ሊሆን ስለሚችል መንገዱ ሌላ ነው። ስለዚህ ሶሻል ወርከሯ «መቼ ጀመራቸው?» ብላ ስትጠይቅ መልሱን ይዘሽ ጠብቂያት።

ሥራውን የምታውቅ ከሆነች በመጀመሪያው ቀን ምንም ዕቃ አትነካም። ምናልባት ፎቶ ታሳይ ይሆናል። ለሳሎን፣ ለመኝታ ቤትና ለማብሰያ ክፍል ለእያንዳንዳቸው 9 ፎቶ አለ፤ ከባዶ ክፍል ይጀምርና እስከ ጣሪያ እስከሞላው ይደርሳል። «የእርስዎ ክፍል የትኛውን ይመስላል?» ነው ጥያቄው። 4ኛውንና ከዚያ በላይ ያለውን ከመረጡ እርዳታ ያስፈልጋል ማለት ነው። ጥቅሙ ጭቅጭቅ የለበትም። «ቤትሽ ሞልቷል»፣ «አልሞላም» የሚባል ነገር ይቀራል።

ቀጥሎ አደጋ። ምድጃው አጠገብ ወረቀት አለ? ማሞቂያው ላይ ልብስ ተንጠልጥሏል? እሳት ቢነሳ በየት ይወጣሉ? ይህ ማስፈራራት አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ በሜልበርን የ10 ዓመት ቃጠሎ ሲመረመር፣ ዕቃ የታጨቀባቸው ቤቶች ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። መዳን ይቻል ከነበሩት ሞቶች ግን ከመቶ 24ቱ የደረሱት እዚያ ነው። እኔ በበኩሌ ቤቱ አምሮ ከማየው የጭስ ማስጠንቀቂያ ደወል ተገጥሞ፣ መውጫው ተከፍቶ ባይ ይሻለኛል። የቀረው ይደርሳል።

አሁን ያላችሁ ትልቁ ነገር ደግሞ፣ አክስትሽ ወደ ቤታቸው መመለስ ይፈልጋሉ። ዳሌው የተሰበረ ሰው የሚወጣው ምርኩዝ ወይም መራመጃ ይዞ ነው። መራመጃው ደግሞ በጎን አይሾልክም። እንግዲህ ውሉ ይሄ ይሁን፦ ከበር እስከ አልጋ፣ ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ቤት መንገድ ይከፈት፣ አልጋው ይለቀቅ። የትኛው ዕቃ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ለወንድምሽ ጉልበት ቦታ አለው፤ እሺ ያሉትን ይሸከም።

መደርደር ሲጀመር እኔ ዕቃውን አልነካም፣ ባዶ ካርቶን ብቻ ነው የምይዘው። አንዲት እናት አንድ ፌስታል ሙሉ ቁልፍ ነበራቸው። አንዱን ያነሳሉ፣ ያገላብጣሉ፣ «ይሄ የየት በር ነበር?» ይላሉ። በሩ ከፈረሰ ቆይቷል። የዚያን ዕለት ሙሉ ጊዜያችን በቁልፍ አለቀ። አለቃዬ ሪፖርቱን አይቶ ሳይስቅ አልቀረም። እሳቸው ግን አብዛኛውን በእጃቸው ካርቶኑ ውስጥ ጣሉት፣ በሚቀጥለው ጊዜም በሩን ሳላንኳኳ ከፈቱልኝ። ሕክምናውም ቢሆን የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፦ ማንሳት፣ መወሰን፣ ጭንቀቱ እስኪበርድ መቆየት። ለዚህ ሕመም ተብሎ የተፈቀደ ክኒን የለም።

አንድ ነገር ግን ጠይቂያት፦ «ስንት ጊዜ ትመጫለሽ?» በየቦታው መንገዱ ሲጠረግ ፋይሉ ይዘጋል፣ መምጣቱም ይቀራል። የሚገባው ዕቃ ካልቀነሰ የወጣው ከንቱ ነው።

ባለ ኮተቱ ራሱ፦
እኔ ከሚያከማቹት ወገን ነኝ። የማብሰያ ክፍሌ ቧንቧ ሲፈስ ሠራተኛ መጥራት አፍሬ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጬ ኖርኩ። ሰው ቤቴን ከሚያይ ቢያጥለቀልቀኝ ይሻለኝ ነበር። የሚላኩብኝ ሠራተኞች ይቀያየራሉ፤ እያንዳንዱ ሲመጣ «ለምን አትጥለውም?» ብሎ ከዜሮ ይጀምራል። ባውቀውማ መች አስቀምጠው ነበር! ኋላ አንዲት ሴት ሳትቀየር ስትመጣልኝ ነው ነገሩ የተነቃነቀው። ያመጣችልኝ ብልሃት ፎቶ ነው። የልጄን የተሰበረ መጫወቻ ፎቶ አንስቼ ለቀቅኩት። ጋዜጣው ላይ ግን አልሠራልኝም፤ አሁንም አለ። ቀጥተኛው፣ አንተን ቤቴ አላስገባህም።

ቀጥተኛው፦
እሺ ተቀብያለሁ። ግን አከራይ ይሄን ሁሉ ይጠብቃል?

ቤት ለቤት፦
ሁልጊዜ አይጠብቅም። ለዚህ ነው ሶሻል ወርከር ከአከራዩ ጋር የምትነጋገረው፤ በዚህ ቀን መውጫው፣ በዚህ ቀን ምድጃው ተብሎ በጽሑፍ ሲቀርብለት ብዙው ይታገሳል። ሰውየው አደጋውን መረዳት ካልቻለ ወይም እሳቱ ለጎረቤት የሚተርፍ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ሕግ ሊሄድ ይችላል። እዚያም ቢደረስ ባለቤቱ ቆሞ እያየ ይሁን።

የእህት ልጅ፦
ወንድሜ አጉረምርሞ ተስማማ። ግን ማቀዝቀዣው ውስጥ የበሰበሰ ነገር አለ፣ ሽታው ደጅ ድረስ ይመጣል። እሱንም ፈቃድ ልጠይቅ?

ቤት ለቤት፦
አዎ፣ እሱንም። ዛሬ ሆስፒታል ስትሄጂ በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ አሳያቸው፣ «ይሄን ብቻ ላውጣው?» በያቸው። እሺ ካሉሽ እሱን ብቻ አውጪ፣ አጠገቡ ያለችውን ካርቶን እንዳትነኪያት። ጋዜጣ የመልቀቅ ቀን ሲመጣ ደግሞ እያንዳንዱን ገልጣችሁ እዩ፤ መታወቂያ፣ የባንክ ደብተርና ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ መሃል ነው።