ነገ ጠዋት ሃሪኬኑ ይደርሳል፤ እየፈራሁ እንዴት ላመስግን?

የቤቲ እናት (ሂውስተን፣ እሑድ ሰኔ 30 ቀን 2016 ማታ)

ሰላም ለዚህ ቤት።

አሜሪካ ከመጣሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነው። ባለቤቴ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ዛሬ ኦክላሆማ ነው፣ ለዛሬ ሊደርስልኝ አይችልም። ያለነው እኔና ሁለቱ ልጆች ነን። ቤቲ 7 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ሦስት ሊሞላው ነው።

ቤሪል የሚሉት ሃሪኬን (ከባሕር የሚነሳ አውሎ ነፋስ) አርብ ዕለት ወደ ኮርፐስ ክሪስቲ በኩል ነው ሲባል ነበር። አሁን ወደኛ ዞሯል። ሌሊት በማታጎርዳ ገብቶ ጠዋት እኛ ጋ ይደርሳል እያሉ ነው። ባለፈው ሳምንት የግሬናዳን ደሴቶች እንዴት እንዳደረጋቸው ቪዲዮውን አይቻለሁ። ባላየው ይሻለኝ ነበር። አሁን ጉልበቱ ቀንሷል ይላሉ። ግን ግንቦት ላይ የመጣው ሃሪኬን እንኳ አልነበረም፣ ድንገተኛ ነፋስ ነበር፤ አራት ቀን መብራት አጥፍቶብን ሄደ።

ውሃ ገዝቻለሁ። የባኞውን ገንዳ ሞልቻለሁ። መኪናው ነዳጅ ሙሉ ነው። ፓስፖርቱን፣ ግሪን ካርዱን፣ የልጆቹን የልደት ወረቀት በፌስታል ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። መስኮት የሌለው ቦታ የልብስ ክሎዜቱ ብቻ ስለሆነ ፍራሽ እዚያ አንጥፌያለሁ።

የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። ቅድም እናቴ ከደሴ ደወለች። «አመስግኚ ልጄ፣ እግዚአብሔር እያለ ምን ያስፈራሻል» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ለማመስገን ሞከርኩ። ቃሉ ከአፌ ይወጣል፣ ልቤ ግን መስኮቱ ላይ ነው። ከደጃችን አንድ ትልቅ የኦክ ዛፍ አለ። ቅርንጫፉ ልጆቹ ከሚተኙበት ክፍል በላይ ነው የተዘረጋው። እሱን እያየሁ «ተመስገን» ማለት እግዚአብሔርን መዋሸት መሰለኝ።

አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ ውሃ ተሸክሜ ስታየኝ «እምነት ካለሽ ምን ያሯሩጥሻል?» አለችኝ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሆዴን ይቆርጠኛል። መዘጋጀቴ አለማመን ነው? እየፈሩ ማመስገንስ ይቻላል? በፈረንጆቹ 2017 የመጣውን ሃሪኬን ሃርቪን ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ልጆቹ ተኝተዋል፣ እኔን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

የድሮ ሾፌር

ልጄ፣ መጀመሪያ ተነሺና ልጆቹን ከዛፉ ሥር ካለው ክፍል አውጪ። ክሎዜቱ ውስጥ አስተኚያቸው። ከዚያ የቀረውን ታነቢዋለሽ።

አለማመን አይደለም። እኔ ሂውስተን 27 ዓመት ኖሬያለሁ፣ ታክሲ ስነዳ ቆይቼ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በፈረንጆቹ 2001 አሊሰንን፣ 2005 ሪታን፣ 2008 አይክን፣ 2017 ሃርቪን አይቻለሁ። ሪታ ጊዜ ሽሹ ተባለና ከተማው በሙሉ አንድ ላይ መንገድ ወጣ። ዳላስ የአራት ሰዓት መንገድ ነው፤ እኛ ከ20 ሰዓት በላይ ፈጀብን። ሙቀቱ ሰው ገደለ። ነፋሱ ከገደለው ይልቅ ሽሽቱ የገደለው ይበልጣል። ሃርቪ ሲመጣ ያ ስላልተረሳ ከንቲባው ውጡ አላሉም። እኔም አልወጣሁም።

ሃርቪ አርብ ማታ ሮክፖርት በኩል ገባ። ነፋሱ እዚያ ቀረ፣ ዝናቡ ግን መጥቶ እኛ ላይ ቆመ። አልሄድም አለ። ከኛ በስተምሥራቅ ኔደርላንድ በምትባል ከተማ የተለካው ዝናብ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ነው። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ የሚዘንብባት ከዚያ ያንሳል።

እኔ ያኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ። ፍልሰታ ከተፈታ ሦስት ቀኑ ነበር። በልቼ፣ ጠጥቼ፣ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብዬ ተኛሁ። ቃሉ ጥሩ ቃል ነው። እኔ ግን ስንፍናዬን ነበር የሸፈንኩበት። መኪናዬን ከፍ ያለ ቦታ አላቆምኩም፣ አንድ ወረቀት አላነሳሁም። ያንቺን ፌስታል ሳነብ ምነው ያኔ እንደዚህች ልጅ በሆንኩ አልኩ።

ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ባለቤቴ ቀሰቀሰችኝ። «ምንጣፉ ርሷል» አለች። እግሬን ሳወርድ ውሃው ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ። በበር አልነበረም የገባው፤ ከሻወሩ ፍሳሽ ወደ ላይ እየፈላ ነበር። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጉልበቴ ደረሰ። መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋሁ። በጨለማ ውስጥ ፍሪጁ ተንሳፎ ዞር አለና በጎኑ ወደቀ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ባለቤቴ የኪዳነ ምሕረትን ሥዕል ከግድግዳ አውርዳ በነጠላዋ ጠቀለለችው። ልጃችንን ኩሽናው ባንኮኒ ላይ አወጣናት፣ እኛም ተከትለን ወጣን።

እዚያ ላይ ተኮራምተን ሳለ ነው ባለቤቴ ቅዳሴ ላይ የምትሰማውን ጸሎተ አኰቴት የጀመረችው። ተቆጣኋት። «አሁን የምስጋና ሰዓት ነው?» አልኳት። አላቆመችም። «እስከዚች ሰዓት አድርሶናልና» የሚለው ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆረጠ። አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገችና ከተቆረጠበት ቀጠለች።

ጸሎቱን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፣ የሰማሁት ግን ያን ሌሊት ነው። «እስከ ነገ ያደርሰናል» አይልም። «እስከዚች ሰዓት» ነው የሚለው። ሦስታችንም እስከዚያች ሰዓት ደርሰን ነበር። እሱን ማለት ውሸት የለውም። እየተንቀጠቀጠች ነበር፣ መንቀጥቀጧም ውሸት አልነበረም። ሁለቱ አንድ አፍ ውስጥ ነበሩ።

ጊዜ ካለሽ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን አንብቢ። መርከቡ ላይ 276 ሰው አለ፣ 14 ቀን ሙሉ ማዕበል መትቷቸዋል፣ እህል አልቀመሱም። ጳውሎስ እንጀራ አንሥቶ በሁሉ ፊት ያመሰገነው ገና ባሕሩ ላይ እያሉ ነው፣ የብስ ሳይረግጡ። በልተው ሲጠግቡ ደግሞ መርከቡ እንዲቀል ስንዴውን ወደ ባሕር ጣሉ። አመሰገኑ፣ ወዲያው ሥራ ያዙ። ለጓደኛሽ ይቺን አንብቢላት።

ሲነጋ አንድ ጎረቤታችን የዓሣ ማጥመጃ ጀልባውን እየገፋ መጣ። ቬትናማዊ ነው። ሦስት ዓመት ጎን ለጎን ኖረን ስሙን አላውቀውም ነበር። ልጄን ከመስኮት ተቀብሎ የራሱን ጃኬት አለበሳት። ጀልባዋ ስትሄድ የመንገዱ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ በእጄ የሚነካ ቦታ ላይ ነበር። ገንዘብ ሳወጣ እጄን መልሶ አጠፈው። ዛሬ በየበዓሉ እንጠያየቃለን።

አንድ ነገር ለሁላችሁም፦ የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይከፍልም። የጎርፉ ለብቻው ነው የሚገዛው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ የሚጀምረውም ከ30 ቀን በኋላ ነው። ለዚህኛው አይደርስም፣ ለሚቀጥለው አስቡበት። እኔ ሺትሮኩን (የግድግዳውን ልባስ) ሁሉ ቆርጬ የጣልኩት ከኪሴ ነው።

ኡሙ ያሲን

እህቴ፣ እኔም የደሴ ልጅ ነኝ። ሙስሊም ነኝ፣ ጥያቄሽ ግን የኔም ጥያቄ ነው።

አንድ ሰው ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ግመሌን ልሰራትና በአላህ ልመካ ወይስ ልልቀቃትና ልመካ ብሎ ጠየቃቸው። «እሰራትና ተመካ» አሉት። ውሃሽ፣ ባትሪሽ፣ ፌስታልሽ ግመልሽን ማሰር ነው። ደግሞ ነፋስ ሲነሳ የእሳቸውም ፊት ይለዋወጥ ነበር፤ መልካሙን ይለምናሉ፣ ከክፋቱ ጥበቃ ይጠይቃሉ። ከሳቸው በላይ ማን ሊያምን? መፍራትሽን እንደ ኃጢአት አትቁጠሪው።

እኔ ነርስ ነኝ፣ ስለዚህ ይህን ሳልል አልተኛም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ቤት ውስጥም ጋራዥ ውስጥም አታስነሱ፣ በሩ ክፍት ቢሆን እንኳ። ከሰልም እንዲሁ። ቡና አማረን ብላችሁ የከሰል ምድጃ ሳሎን እንዳታስገቡ። ከነሱ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ (ካርቦን ሞኖክሳይድ) አይታይም፣ አይሸትም፤ ራስ ምታትና እንቅልፍ ነው የሚመስለው። በፈረንጆቹ 2021 የበረዶ ጊዜ እዚህ ቴክሳስ ውስጥ ሰው በዚህ አልቋል። ሃሪኬን ካለፈ በኋላ ያለው ሳምንት ከሃሪኬኑ ያልተናነሰ አደገኛ ነው።

ዛሬ ሌሊት ስሰግድ አንቺንና ልጆቹን በዱዓ አስባችኋለሁ።

ሰላም ከኪንግዉድ

በሃርቪ ቤታችን ሄዷል። ጋሼ ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር።

ውሃው ከጎደለ በኋላ ሰው ሲጠይቀን መጣ። አንዳንዱ ቆሞ የረጠበውን ሶፋችንን እያየ «እኛስ ጸልየን ነበር፣ እግዚአብሔር ቤታችንን ጠበቀልን» ይላል። ለክፉ አልነበረም። እናቴ ግን ያን ቀን ማታ «እኛስ አልጸለይንም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። እናቴ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ ዳዊት የምትደግም ሰው ነች።

እና እህቴ፣ ነገ ከተረፍሽ አመስግኚ። ከልብሽ አመስግኚ። ግን ምስጋናሽን የተጎዳው ሰው ፊት አታወዳድሪው። እሱ ጋ ስትደርሺ ዝም ብለሽ ባልዲውን ያዢለት። እኛን ያጽናናን እንደዛ ያደረጉት ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ሳይጠሩ መጥተው፣ ጓንት አጥልቀው፣ የሻገተውን ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ሲቆርጡ ዋሉ። አንዳቸውም ለምን እንደሆነ አላስረዱንም።

የቤቲ እናት (እሑድ ሐምሌ 7፣ የሥላሴ ዕለት)

ደኅና ነን። መልስ ሳልሰጥ የጠፋሁት መብራቱም ኔትወርኩም ስላልነበረ ነው። ከ2 ሚሊዮን በላይ ቤትና ድርጅት መብራት አጥቶ ነበር አሉ። የኛ ትናንት ማታ መጣ። ፍሪጁ ድንገት ሲያጉረመርም ቤቲ ከእንቅልፏ ተነስታ ጮኸች።

ጋሼ፣ የጻፉትን ያነበብኩት ልጆቹን አንድ በአንድ አቅፌ ክሎዜቱ ውስጥ ካስገባሁ በኋላ ነው። ነፋሱ ሲነጋጋ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ በረታ። መጀመሪያ እንደ ባቡር ነበር። ከዚያ ቤቱ ራሱ የሚተነፍስ መሰለ፤ የክሎዜቱ በር ወደ ውስጥ ይሳባል፣ መልሶ ይለቃል። እጄን በሩ ላይ አድርጌ «እስከዚች ሰዓት አደረስከን፣ ተመስገን» አልኩ። ሌላ ምንም አላልኩም። ነፋሱ ሲጨምር እንደገና አልኩት። አንድ ሰዓት ሆነ፣ አልኩት። ሁለት ሰዓት ሆነ፣ አልኩት። በኋላ ቤቲ አብራኝ ትል ጀመር። ትንሹ «እስከዚች፣ እስከዚች» እያለ በባትሪው መብራት ይጫወታል። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ግን እንደ እሑዱ ማታ ብቻዬን አልነበርኩም።

የኦክ ዛፉ አልተነቃነቀም። አንድ ቀን እንኳ አይቼው የማላውቀው የጎረቤታችን ጥድ ነው የወደቀው። አሮጊቷ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ ግንዱ ኩሽናቸውን ለሁለት ከፈለው። እሳቸው መኝታ ቤት ስለነበሩ ተረፉ። ሄጄ በሩ ላይ ሳገኛቸው አንድ እግራቸው ጫማ የለውም፣ ጣሪያቸው ላይ ያለውን ሰማይ ያያሉ። «እንኳን እግዚአብሔር አተረፈን» ልል አፌን ከፍቼ የሰላም ከኪንግዉድ ምክር ትዝ አለኝ። ጫማቸውን ፈልጌ አመጣሁላቸው። ከዚያ ይዣቸው ወደ ቤት ሄድን። እስከ አሁን እኛ ጋ ናቸው፣ የልጆቹ አልጋ ላይ ይተኛሉ።

ሳምንቱ ከባድ ነበር። ሙቀቱ እንቅልፍ አያስተኛም፤ ሌሊት ሌሊት የልጆቹን ግንባር በእርጥብ ፎጣ እየጠረግሁ ነው ያነጋሁት። ለጴጥሮስ ወጳውሎስ ብዬ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀመጥኩት ሥጋ ማክሰኞ መቅለጥ ሲጀምር ከማዶ ላሉት ሜክሲኮዎች ሰጠኋቸው። ደጅ ላይ ጠብሰው የመንገዱን ሰው ሁሉ አበሉ። እኛ ጾም ላይ ስለነበርን ሽሮ ይዘን ወጥተን አብረናቸው ተቀመጥን። ሁለት ዓመት ስኖር የዚህን መንገድ ሰው ያየሁት ያን ማታ ነው። የመብራት ኃይሉ ካርታ ስለማይሠራ መብራት የት እንዳለ ዋታበርገር በሚባለው የበርገር ቤት አፕሊኬሽን ማየትም እነሱ ናቸው ያስተማሩኝ፤ የተከፈተው ቅርንጫፍ ያለበት ሰፈር መብራት አለው ማለት ነው። ረቡዕ ዕለት ልጆቹን እዚያ ወስጄ አቀዘቀዝኳቸው። ባለቤቴም የዚያኑ ዕለት ማታ ገባ።

ኡሙ ያሲን፣ አንድ ጎረቤት ጄኔሬተሩን ጋራዥ ውስጥ ሲያቆም ደርሼ ያልሽውን ነገርኩት። አውጥቶ ሣሩ ላይ አደረገው። አላህ ይስጥልኝ።

እናቴ ጋ ዛሬ ደወልኩ። «አመሰገንሽ?» አለችኝ። አዎ አልኳት፣ እየፈራሁ። ዝም አለችና «እኔስ ሳልፈራ ያመሰገንኩ መሰለሽ?» አለች።

አሁን አንድ ነገር አስቸግራችሁ። ግንዱ አሁንም አሮጊቷ ጣሪያ ላይ ነው። ዛፍ ቆራጮቹ የሚጠሩት ዋጋ ለሳቸው የሚቻል አይደለም። ሐቀኛ ቆራጭ፣ ወይም መጋዝ ያለውና ቅዳሜ ሁለት ሦስት ሰዓት የሚሰጠን ሰው የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጣሪያውን በሸራ ሸፍነነዋል፣ ግን አንዱ ጠርዝ ይነሳል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናብ አለ ይላሉ።