«ካፍ መርየም» በአማርኛ ምን ይባል?

ጥያቄ፦ አክስቴ ለብዙ ዓመታት ከሠራችበት ከጂዳ ስትመለስ የተጨበጠ እጅ የሚመስል ደረቅ አበባ ይዛ መጣች። «ካፍ መርየም» ትለዋለች። ምጥ ከያዛት ሴት አጠገብ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ አበባው ሲዘረጋ ሴትየዋም ትገላገላለች ይባላል። መዝገበ ቃላት አገላብጬ አጣሁት። አንድ ወዳጄ «የኢያሪኮ ጽጌረዳ» በለው አለኝ። ልክ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጽጌረዳውን ተወው። ተክሉ የጎመንና የሰናፍጭ ወገን ነው። የኢያሪኮን ስም የሰጡት ወደ ቅድስት አገር ይመላለሱ የነበሩ የአውሮፓ ተሳላሚዎች ናቸው፤ በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 24 ጥበብ ራሷን በኢያሪኮ ካለ ጽጌረዳ ጋር የምታመሳስልበት ቃልም አብሮት ይጠቀሳል።

ዐረብኛው ግን ቁም ነገሩን ይዞታል። «ከፍ» መዳፍ ማለት ነው። የእኛው «ከ» በፊደል ስሙ «ካፍ» መባሉን አስታውስ፤ የጥንቱ ሴማዊ ፊደል ስሙን ያገኘው ከዚያው ከመዳፍ ነው። እመቤታችን በምጧ ጊዜ ይህን ተክል ጨብጣ ነበር የሚል እምነትም አለ። እንግዲህ የተጨበጠው ሲፈታ ማሕፀንም ይፈታል ማለት ነው። አማርኛችን ለዚህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። «ተገላገለች» የምንለው የተጣሉትን ከሚያላቅቀው «ገላገለ» ወስደን ነው። ለወለደችው ደግሞ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላለን፤ «ማር» የሚለው ድምፅ በስሟም በምሕረቷም ሲደጋገም ስሙት፣ እኔን ሁልጊዜ ልቤን ይነካኛል። ቀስተ ደመናን «የማርያም መቀነት» ያለ ሕዝብ ይህን አበባ «የማርያም መዳፍ» ቢለው ማን ይደነቃል?

ሌላ መልስ፦ «የትንሣኤ አበባ» ቢባልስ? የሳይንስ ስሙ «አናስታቲካ» የመጣው ትንሣኤ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው።

መልስ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ተክሉ አይነሣም። ዝናቡ ሲያልፍ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ይሞታል፤ ቅርንጫፎቹ ፍሬውን ይዘው ወደ ውስጥ ይጠቀለላሉ። ውኃ ሲነካው የሞተው እንጨት ይርሳል፣ ያብጣል፣ ይዘረጋል፤ ሲደርቅ ተመልሶ ይጨበጣል። ይህን ደግሞ ደጋግሞ ያደርገዋል። እውነት ደርቆ የሚለመልመው በሜክሲኮው ቺዋዋ በረሃ የሚበቅለውና በዚያው በኢያሪኮ ስም የሚሸጠው ሌላ ተክል ነው፤ እሱን ቤት ውስጥ በሳሕን ውኃ አስቀምጠው ሀብትና ዕድል እንዲያመጣ ይማጸኑበታል። ስማቸው ስለተመሳሰለ ግብራቸውን አናደባልቅ።

ተጨማሪ፦ በማሌዥያ «ሳንጉል ፋጢማ» ይሉታል፤ ሳንጉል ተጠቅልሎ የታሰረ ጸጉር ነው። እነሱ ያዩት እጅ ሳይሆን የጸጉር ጥቅል ነው ማለት ነው! እዚያ እርጉዞች የተነከረበትን ውኃ ይጠጡታል። እባካችሁ ይህን አታስለምዱ። አጠገብ ማስቀመጥና መጸለይ አንድ ነገር ነው፤ ሐኪም ሳያውቅ እርጉዝ ሴት መጠጣቷ ግን ያስፈራኛል።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። «የማርያም መዳፍ» ብዬ መዝግቤዋለሁ። ለአክስቴ ሳነብላት አንድ እርማት ሰጠችኝ፤ እኔ «ይዘረጋል» ስል እሷ «ትዘረጋለች» ነው የምትለው። «ገና አልተዘረጋችም፣ ታገሡ» እያሉ ነው አሉ ሳሕኑን ከብበው የሚጠብቁት። ስለዚህ በመዝገቤ ላይ «እሷ» ብዬ ልጽፋት ነው።