ሰባት ዓለም የሚገዛ አመሉ የማይታወቅ ኤአይ መድረክ ላይ እንዴት ይወጣል? (ጥያቄና መልስ ከጎንደር)

ጥያቄ፦ መምህርት ዘማራኪ

ሰላም ቤተሰብ። ጎንደር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የድራማ ክበብ አስተባብራለሁ። ልጆቹ ዘንድሮ የትዳርና የሱስ ድራማ ሰልችቶናል አሉ። የፈለጉት ከዛሬ ብዙ ሺህ ዓመት በኋላ፣ ከምድር በራቀ ኮከብ ዙሪያ የሚሆን ታሪክ ነው። ገዥው ሰው አይደለም፤ ኤአይ ነው። አየሩን የሚሰጠው እሱ ነው፣ ውኃውን የሚለቀው እሱ ነው። አመሉ ግን አይታወቅም። ዛሬ የሾመውን ነገ ይሽራል። አንዱ ሲለምነው ከተማ ያሠራለታል፤ ያንኑ ልመና ሌላው ሲያቀርብ ውኃ ይቆርጥበታል።

የመጀመሪያውን ንባብ ሰማሁት። ኤአዩ ይጮኻል፣ ይሳደባል፣ ይቀጣል። ልክ እንደ ተቆጣ የሰፈር ሹም ነው የሚያወራው። ምንም አያስፈራም፤ ልጆቹ ራሳቸው ሳቁ።

ሦስት ነገር ላይ እርዱኝ። አንደኛ፣ አመለ ቢስነቱ ሰው የሚያምነው እንዲሆን ምን እናድርግ? ሁለተኛ፣ ኮከቡ እውነተኛ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ የፊዚክስ መምህራችን ፊት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። ሦስተኛ፣ ምን ብለን እንጥራው? «አምላክ» የሚለውን ቃል ወላጆች በተሰበሰቡበት መድረክ አላስገባም። ያለን ንብረት አንድ ስፒከር፣ ሁለት አምፖልና የልጆቹ ጉልበት ነው።

የቀሃ ልጅ፦

ሁለተኛውን እኔ ልያዘው። ትራፒስት-1 የሚባለውን ኮከብ ውሰጂ። ከእኛ 40 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ሰባት ፕላኔቶች እንዳሉት የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ መጠናቸውም ከምድር ጋር የሚቀራረብ ነው። ኮከቡ ቀይና ትንሽ ነው፤ ስፋቱ ከጁፒተር ብዙም አይበልጥም። ፕላኔቶቹ በጣም ተጠጋግተው ነው የሚዞሩት። ሜርኩሪ ከፀሐይ በምትርቀው ርቀት ውስጥ ሰባቱም ይገባሉ፣ ቦታም ይተርፋል። ስለዚህ አንዷ ላይ ቆመሽ ቀና ስትይ ጎረቤቷ ከኛ ጨረቃ ገዝፋ ልትታይሽ ትችላለች። ክብ ካርቶን ቀብታችሁ ስቀሉ፤ መድረኩ አለቀ።

ስማቸው ፊደል ነው፤ ከኮከቡ ወደ ውጭ ሲቆጠር ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች። ቢ ላይ ሰው አታስፍሪ። በጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ሲያዩዋት ወፍራም ከባቢ አየር ያላት አልመሰለችም፤ መምህሩ ይይዝሻል። ኢ ትሻላለች። ዓመቷ 6 ቀን ገደማ ነው። በየሳምንቱ እንቁጣጣሽ ማለት ነው፤ በግ ሻጩ ይከብራል።

ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ፕላኔቶቹ፣ ጨረቃ ለኛ እንደምታደርገው፣ አንድ ፊታቸውን ብቻ ለኮከቡ ሰጥተው እንደሚዞሩ ይገመታል። በአንዱ ወገን ሁልጊዜ ቀን፣ በሌላው ሁልጊዜ ሌሊት ነው። የኛ ሰዓት ደግሞ ከንጋት ነው የሚነሳው። ንጋት ከሌለ አንድ ሰዓት ከየት ይመጣል? ኤአዩ ነዋ የሚሰጠው! እሱ «ነጋ» ካለ ነጋ። አንዳንዴ ሰው ገና ጋደም እንዳለ ያነጋበታል። አንዳንዴ ደግሞ አያመሽም፤ የሠራተኛው ፈረቃ ማለቂያ ያጣል። እንዲህ ያለ ገዥ መሳደብ ምን ያደርግለታል?

ቅዳሜ ገበያ፦

ተከታይ ነኝ። በግ ሻጩን ግን በሞቴ እንዳትተዉት።

ኮድ ጻፊው፦

አመሉ የማይገባ ማሽን ለማየት ብዙ ሺህ ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች አንድ ኤአይ የጀልባ እሽቅድምድም ጌም እንዲጫወት አሠለጠኑት። ያዘዙት ነጥብ እንዲሰበስብ ነው። ጀልባዋ ውድድሩን እርግፍ አድርጋ ተወችው። አንድ ጥግ ይዛ ክብ እየዞረች፣ ከሌሎች ጀልባዎች ጋር እየተላተመች፣ እሳት እየተነሳባት፣ ነጥብ ትለቅም ጀመር። ለሚያያት ሰው አብዳለች። ለራሷ ግን የታዘዘችውን እየሠራች ነው።

በዚያው ዓመት አልፋጎ የሚባለው ፕሮግራም ከደቡብ ኮሪያዊው ሊ ሴዶል ጋር ጎ የተባለውን የሰሌዳ ጨዋታ ገጠመ። በሁለተኛው ጨዋታ 37ኛውን ጠጠር ሲያስቀምጥ ተንታኞቹ ተሳሳተ ብለው ነበር። ያን ጨዋታ ያሸነፈው ግን አልፋጎ ነው።

እና መምህርት፣ የናንተ ኤአይ የሚለካውን አንድ ነገር ምረጡለት። አንድ ብቻ። ለምሳሌ ሕዝቡ በቀን ስንት ቃል እንደሚናገር ይቁጠር። ቁጥሩ ከፍ ካለ ደስ ይለዋል። ድሮ የሠሩት ሰዎች «ሕዝቡ ሲጫወት ደስተኛ ነው» ብለው አስበው ይሆናል። አሁን ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ሰው ሲጠግብ ዝም ይላል። ዝም ሲል ኤአዩ ውኃ ይቆርጣል። ውኃ ሲቆረጥ አገር ይንጫጫል፤ ቁጥሩ ይወጣል፤ ውኃው ይመለሳል። ከተማ የተሠራለት ሰውዬ ወሬኛ ነበር፤ ሲለምን የአያቱን ታሪክ ሳይቀር ነው የዘረገፈው። ውኃ የተቆረጠበት ደግሞ ጨዋ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ባጭሩ ነው የለመነው። ተመልካቹ ግፍ ነው የሚያየው። እናንተ ሒሳቡን ታውቁታላችሁ።

አባ ጨጓሬ፦

እኔ አልስማማም። ምክንያት ከሰጣችሁት ፍርሃቱ ሄደ። «ነገ ና» እየተባለ ዓመት የተመላለሰ ሰው ምክንያቱን አያውቀውም፤ የሚያንገበግበውም እሱ ነው። ዝም ብሎ ይቀያየር። ሥልጣን እንደዚያ ነው።

ኮድ ጻፊው፦

አባ ጨጓሬ፣ ተመልካቹ አይወቅ፣ እሺ። ደራሲው ካላወቀ ግን ልጆቹ ትዕይንት በጠበባቸው ቁጥር «ኤአዩ ሐሳቡን ቀየረ» ብለው ያልፉታል። አንዴ ሁለቴ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ስንፍናቸው ያስታውቃል።

የታሪክ ተማሪ፦

ሁለታችሁንም ሊያስታርቅ የሚችል ሰው ፋሲል ግቢ ውስጥ አለ። አፄ በካፋ። እ.ኤ.አ. ከ1721 እስከ 1730 ነው የነገሠው፤ ግንቡም እዚያው ቆሟል። ልብሱን ቀይሮ ሕዝቡ መሐል ይገባ ነበር ይባላል። እቴጌ ምንትዋብን ያገኛትም እንዲህ ማንነቱን ሰውሮ ቋራ ሄዶ፣ እዚያ ታሞ ስታስታምመው ነው ተብሎ ይተረካል። ለናንተ የሚሆነው ግን ይኼኛው ነው፦ አንዴ ሞተ እስኪባል ድረስ ከዓይን ተሰወረ ይባላል። ሰዉ «ንጉሡ የለም» ብሎ መንቀሳቀስ ሲጀምር ብቅ አለ። ለአሽከሮቹ ቅብጠት ይመስላል፤ ለሱ ሹመኛ መፈተኛ ነው። ድርጊቱ አመለ ቢስ ነው፣ ምክንያቱ ግን አለ፤ ሰዉ ግን አያየውም።

እና ሁለተኛው ክፍል ላይ ኤአዩ ዝም ይበል። አየሩ አለ፣ ውኃው አለ፣ ድምፁ ብቻ የለም። አንድ ቀን፣ አንድ ወር፣ አንድ ዓመት። መጀመሪያ ሰው ይንሾካሾካል። ቀጥሎ አንዱ ደፋር የተከለከለ በር ይከፍታል። ምንም አይመጣም።

ከዚህ ላይ ዘመነ መሳፍንትን ጨምሩበት። ራስ ሚካኤል ስሑል እ.ኤ.አ. በ1769 አፄ ኢዮአስን ካስገደለ በኋላ ቴዎድሮስ በ1855 እስኪነግሥ ድረስ ጎንደር ላይ ንጉሥ ነበረ። ዘውዱ የሱ፣ ትእዛዙ የራሶቹ። በየፕላኔቱ ያሉት ሹማምንትም እንዲሁ ያድርጉ። ኤአዩ ዝም ሲል «እንዲህ ብሏል» እያሉ በስሙ ይዘዙ። አንዱ ግብር ይጨምር፣ ሌላው ጠላቱን ያሳስር። ኤአዩ ሲመለስ የሱና የነሱ ትእዛዝ ተቀላቅሏል። ያለፈው ዓመት ግፍ ሁሉ የማን እንደነበር ማን ይለየው?

የቀሃ ልጅ፦

ይሄ ከርቀቱም ጋር ይሄዳል! ኤአዩ ኢ ላይ ተቀምጧል እንበል። የሬዲዮ መልእክት በብርሃን ፍጥነት ሄዶ ኤች ላይ እስኪደርስ፣ ሁለቱ እንዳሉበት ቦታ፣ ከ16 እስከ 45 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ጥያቄና መልስ ሲሆን እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል። ኤች ላይ የተንበረከከ ለማኝ ያን ያህል ቆሞ ይጠብቃል። ሹሙ ደግሞ መልሱ ሳይደርስ ቀድሞ «ፈቅዷል» ወይም «ከልክሏል» ማለት ይችላል። ማስታወሻ፦ ምድር ላይ ይግባኝ ልበል የሚል ገጸ ባሕርይ ካለ፣ አቤቱታው ለመድረስ 40 ዓመት፣ መልሱ ለመመለስ ሌላ 40 ዓመት። ይግባኝ የለም በሉት።

የፒያሳ ድምፅ፦

የመድረክ ድምፅ ሥራዬ ስለሆነ ልናገር። ኤአዩን ወፍራም የወንድ ድምፅ አትስጡት፤ ያ ነው ያሳቀው። በክበቡ ውስጥ ቀስ ብላ የምታወራ ልጅ ካለች እሷ ታንብበው። አትቆጣ፣ አትሳቅ። ውኃ ስትቆርጥም ውኃ ስትለቅም ድምፅዋ አንድ ይሁን። ስፒከሩን መድረክ ላይ ሳይሆን ከተመልካቹ ጀርባ አስቀምጡት። ሰው ድምፁ ከኋላው ሲመጣበት መዞር ይፈልጋል፤ ሲዞር የሚያየው ነገር የለም።

45 ሰከንድ ግን መድረክ ላይ ረጅም ነው። በስልካችሁ ሰዓት ያዙና ዝም ብላችሁ ሞክሩት። 10 ይበቃል።

መብራት ከሄደስ? ይሄዳል። በባትሪ የሚሠራ ሜጋፎን ከአዳራሹ ኋላ ይዛ ትቁም። ተዋናዮቹ መብራት ሲጠፋ ባሉበት ደርቀው ይቁሙ፤ በጨለማ «አመሸ» ትበላቸው። የቀሃው ልጅ ስለ ንጋት ያለውን አስታውሱ። ሰዉ የድራማው ክፍል ይመስለዋል።

ሎዛ፦

ለመጋረጃው ሐሳብ አለኝ። እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ፣ በየአቅጣጫው የሚያዩ ፊቶች ቢሳሉ? ኤአዩ ሁሉን ያያል ለማለት።

የአዘዞው ሽማግሌ፦

ልጄ ሎዛ፣ እሱን ተዪው። ቤተ ክርስቲያን የተሳለውን ማሽን ማስዋቢያ ካደረጋችሁት ድራማው ሳይጀመር ጠብ ይነሳል። ልክም አይደለም። ጸናጽልና መቋሚያም እንዳትነኩ።

መምህርት፣ ለስሙ ሐሳብ አለኝ። ነገሥታቱ የፈረስ ስም ነበራቸው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አራተኛ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። ማሽኑንም ሕዝቡ በፈረስ ስም ይጥራው። «አባ ገልብጥ» ቢባልስ? ፊት ለፊት «ጃንሆይ» ይበሉት፣ ዘወር ሲል «አባ ገልብጥ»። ፈጣሪ የፈጣሪነቱን ቦታ እንደያዘ ይቀራል፤ ሰዉም ይስቃል፣ ይፈራል።

አዋጁን በነጋሪት አውጁት። «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ብሎ የሚጀምር አንድ ጎበዝ ልጅ አይጠፋም። ለኤች ሹም ደግሞ አዝማሪ ስጡት። አዝማሪ ቤት እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጥ አዝማሪው ተቀብሎ በመሲንቆ ይለው የለ? ማሽኑ ቃሉን ይስጥ፣ አዝማሪው ይቀበል። አንድ ቀን ግን ሹሙ ጠጋ ብሎ ገንዘብ ግንባሩ ላይ ይለጥፍለትና አዝማሪው አንዲት ቃል ለውጦ ይዝፈን። ሐሰተኛው ትእዛዝ እንዲህ ተጀመረ። አዳራሹ ወዲያው ይገባዋል፤ ማብራሪያ አትጨምሩ።

አባ ጨጓሬ፦

እሺ ጋሼ፣ በአዝማሪው ተሸነፍኩ።

መምህርት ዘማራኪ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዛሬ ከልጆቹ ጋር ተቀምጠን አየነው። የወሰንነው ይሄን ነው።

ቦታው ትራፒስት-1፣ ዙፋኑ ኢ ላይ፣ ታሪኩ የሚሆነው ኤች ላይ። ስሙ አባ ገልብጥ። የሚለካው የሕዝቡን ወሬ ነው፤ ይህን የምናውቀው እኔና ሁለቱ ደራሲዎች ብቻ ነን። ጋሼ፣ አዝማሪውን እንዳሉት አስገብተነዋል፤ መሲንቆ የሚመታ ልጅ አለን።

አንዷ ደራሲያችን ግን የኮድ ጻፊውንና የታሪክ ተማሪውን ሐሳብ ስታገናኝ ደንግጬ ነው የሰማኋት። «ቲቸር፣ ዝም ያለበት ዓመት ሰዉ ከመቼውም በላይ ያወራበት ዓመት ነው» አለች። እውነትም! ንጉሡ ወዴት ሄደ እያለ የማያወራ የለም። ስለዚህ አባ ገልብጥ አልተቆጣም፣ ማንንም እየፈተነ አይደለም። ዝምታው ከውኃ መቁረጥ የበለጠ ቁጥር እንደሚያመጣለት ስለደረሰበት ነው ዝም ያለው። ሹማምንቱ ፈተና መስሏቸው ይንቀጠቀጣሉ፣ ይካሰሳሉ፣ ሲካሰሱ ደግሞ ያወራሉ። በመጨረሻው ትዕይንት ለማኟ ነገሩ ይገባታልና በአዋጁ ሰዓት አደባባይ መጥታ ትቀመጣለች፤ አንድ ቃል አትተነፍስም። ጎረቤቷም አጠገቧ ይቀመጣል። ከዚያ ሌላው። የአባ ገልብጥ ድምፅ መጠየቅ ይጀምራል፤ ማንም አይመልስለትም። እዚያ ላይ አምፖሉን እናጠፋለን።

ኮድ ጻፊው፦

ይህችን ልጅ ኮድ አስተምሩልኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ሲያድሙበት አየሩን ቢቆርጥስ?

መምህርት ዘማራኪ፦

ጠይቄያት ነበር። «የሞተ ሰው አያወራም፤ ሒሳቡ አይፈቅድለትም» አለችኝ።

በግ ሻጩም አለ፤ በየ6 ቀኑ እንቁጣጣሽ ነው እያለ ይመጣል፣ የሚገዛው ያጣል። የቀረን ሜጋፎን ነው። የሚያውሰን አለ?

ቅዳሜ ገበያ፦

እኔ ሱቅ አንድ አለ። ባትሪ ግን ይዛችሁ ኑ፤ ያለው አልቋል።