የሰፈር ሱቅና የሣር ጎጆ ከውዳቂ ዕቃ፦ የአሻንጉሊት ቤት ለሚሠሩ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (እናት፣ አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። ለስምንት ዓመት ልጄ የአሻንጉሊት ቤት በመሥራት ላይ ነኝ። መደብር ውስጥ የማያቸው በአብዛኛው ሮዝ የፕላስቲክ ቤተ መንግሥቶች ናቸው፤ እኔ ግን ልጄ የምታውቃቸው ቤቶች እንዲሆኑላት እፈልጋለሁ፦ አንደኛው የሰፈራችን ዓይነት የቆርቆሮ ሱቅ ከነባንኮኒው፣ ሁለተኛው ክረምት አያቷ ዘንድ ስትሄድ የምታየው የሣር ክዳን ጎጆ። ለቆራሌው ከሚሰጠውና ከሚጣለው ብዙ ነገር አስቀምጫለሁ፦ የቴሌቪዥን ካርቶን፣ ቆርኪ፣ የክብሪት ሳጥን፣ የአይስክሬም እንጨት፣ የእንቁላል መያዣ፣ ባዶ እስክሪብቶ፣ የአልሙኒየም ምግብ መያዣ።

የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። የካርቶኑን ግድግዳ ኮላ ቀብቼ ወረቀት ስለጥፍበት ሲደርቅ ይጎብጣል። ጣሪያውን በአልሙኒየም ሳለብሰው ቆርቆሮ ሳይሆን የተጠቀለለ ምሳ ይመስላል። ለጎጆው እውነተኛ ጭቃ ልጠቀም ወይስ ሌላ ነገር? ማታ ማታ ሱቁ ውስጥ መብራት እንዲበራም ልጄ አጥብቃ ጠይቃኛለች። ዕቃዎቹን በምን ያህል መጠን እንደምሠራም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ (የአርክቴክቸር ተማሪ፣ አዳማ)

ከሁሉ በፊት ልኬቱን ይወስኑ፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይመጣል። በአሻንጉሊት ቤት ሥራ በጣም የተለመደው ልኬት 1 ለ 12 ነው። ከጫማና ከኢንች የመጣ ነው፤ በእውነተኛው ቤት አንድ ጫማ የሆነው በትንሹ ቤት አንድ ኢንች ይሆናል። ኤድዊን ሉትየንስ የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1924 የተጠናቀቀውና በዊንዘር ቤተ መንግሥት የሚታየው የንግሥት ሜሪ የአሻንጉሊት ቤትም የተሠራው በዚሁ ልኬት ነው። ለእኛ ግን ሴንቲሜትር ይበቃል፦ የእውነተኛውን ዕቃ ለክተው ለ12 ማካፈል ነው። 2 ሜትር በር 17 ሴንቲሜትር ገደማ፣ 170 ሴንቲሜትር ሰው 14፣ 24 ሴንቲሜትር የለስላሳ ጠርሙስ 2 ሴንቲሜትር ይሆናል።

ካስቀመጧቸው ነገሮች የትኛው ምን እንደሚሆን የሚታወቀው ከዚህ በኋላ ነው። ቆርኪ 3 ሴንቲሜትር ያህል ስለሆነ በዚህ ልኬት 36 ሴንቲሜትር ትሪ ነው፤ ምጣድ አይሆንም። ምጣድ ከተፈለገ 5 ሴንቲሜትር የሚሆን የማርማላታ ክዳን ይፈልጉ። የክብሪት ሳጥን የባንኮኒ መሳቢያ ይወጣዋል። 1 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የአይስክሬም እንጨት የ12 ሴንቲሜትር ጣውላ ሆኖ ባንኮኒውን ይለብጣል። መደርደሪያው ላይ የሚቀመጠው ክብሪት ግን ርዝመቱ 4 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ወፍራም ወረቀት ቆርጦ ቀለም መቀባት ይሻላል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ መጀመሪያ የልጅዎን አሻንጉሊት ይለኩ። 29 ሴንቲሜትር የምትረዝመው ቀጭኗ ዓይነት ከሆነች ልኬቱ 1 ለ 6 ነው፤ ሱቁም በሁሉም በኩል እጥፍ መሆን አለበት። አለበለዚያ በበሩ አትገባም።

መልስ (አናጺ፣ ደብረ ብርሃን)

እህቴ፣ ካርቶን የሚጎብጠው በአንድ ጎኑ ብቻ ስለሚረጥብ ነው። እርጥቡ ወረቀት ሲደርቅ ይሸበሸብና ካርቶኑን ወደ ራሱ ይስበዋል። መፍትሔው በሁለቱም ጎን መለጠፍ ነው፤ ውስጡንም ውጪውንም በአንድ ጊዜ፣ ተመሳሳይ ወረቀት በተመሳሳይ ኮላ። ከዚያ በሁለት ጣውላ መካከል አድርገሽ ከባድ ነገር ጫኝበትና እስኪደርቅ ተይው። በመካከል ላስቲክ ካላደረግሽ ከጣውላው ጋር ይጣበቃል። ከዚህም የበለጠ ጠንካራ ግድግዳ ከፈለግሽ ሁለት ካርቶን ደርበሽ አጣብቂ፤ የአንዱ ውስጣዊ ሽብሽብ ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ጎን ይሁን። ነጩ የአናጺ ኮላ ይበቃል። የዱቄት ሙጫ ርካሽ ቢሆንም በረሮና አይጥ ይጠራል፤ ለሚቆይ ሥራ አልመክረውም።

ጣሪያሽ ቆርቆሮ ያልመሰለው አንድ ወጥ ስላደረግሽው ይመስለኛል። እውነተኛ የቆርቆሮ ጣሪያ ብዙ ቅጠል ቆርቆሮ ተደራርቦ ነው። አንዱ ቅጠል 80 ወይም 90 ሴንቲሜትር ስፋትና 2 ሜትር ርዝመት ቢኖረው፣ ላንቺ ሥራ 7 በ17 ሴንቲሜትር ይሆናል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከካርቶኑ ላይ ቁራጭ ወስደሽ አንዱን ፊት በእርጥብ ጨርቅ አርሺና የላይኛውን ወረቀት ላጪው፤ ሽብሽቡ ይወጣል። ሲደርቅ ያ ቅርጽ ማውጫሽ ነው። የምግብ መያዣውን አልሙኒየም በልክ ቆርጠሽ አስቀምጪበትና በባዶ እስክሪብቶ ጫፍ በየመስመሩ እየተጫንሽ አውርጂ። የብዙ ካርቶን ሽብሽብ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ይራራቃል፤ የተለመደው ቆርቆሮ ደግሞ 76 ሚሊሜትር ነውና ለ12 ሲካፈል 6.3 ይመጣል። ሰው ለክቶ የሠራው እንጂ እንዲሁ የተገጣጠመ አይመስልም፤ እኔን ሁልጊዜ ያስደስተኛል።

ቅጠሎቹን ከታች ጀምረሽ ወደ ላይ ደራርቢ፤ በጎንም አንድ ሽብሽብ ይደረብ። የምስማሩን ምልክት በጉብታው ላይ አድርጊ፣ በሸለቆው ላይ አይሁን። ውኃ የሚወርደው በሸለቆው ስለሆነ ቆርቆሮ ሁልጊዜ የሚመታው ጉብታው ላይ ነው፤ ይህንን ያየ ሰው ሠሪዋ ቤት እንደምታውቅ ይረዳል። ለዝገቱ ቀይ አፈር በወንፊት ነፍተሽ፣ ውኃ በገባበት ኮላ ለውሰሽ፣ በስፖንጅ ጠርዙንና ምስማሩ ሥር ብቻ ንኪው። አልሙኒየሙን ከእንጨት ጋር ለማጣበቅ ማስቲሽ ያስፈልጋል፤ ሽታው ይጎዳልና መስኮት ከፍተሽ ራስሽ ሥሪው፣ ልጅቷ ትራቅ። ለጎጆው ጭቃውን ተይው፤ የእንቁላል መያዣ ዘፍዝፈሽ፣ ጨምቀሽ፣ በኮላ ለውሰሽ ምረጊው።

መልስ (ጡረተኛ መምህር፣ ጎጃም)

የአናጺውን ምክር ለሱቁ እቀበላለሁ፤ በጭቃው ግን አልስማማም። ጎጆ ያለ ጭቃ ምን ጎጆ ነው? የሚሰነጠቀው ጭድ ሳይገባበት ሲቀርና ወፍራም ሆኖ ሲመረግ ነው። ልጄ፣ አፈሩን በወንፊት ንፊ፣ ከአፈሩ ሲሶ የሚሆን ደቃቅ አሸዋ ጨምሪበት፣ የጤፍ ጭድ በመቀስ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር አድርገሽ ከትፊበት። ገጠር ጭቃ ሲቦካ ጭዱ እስኪለሰልስ ለቀናት እየተረገጠ እንደሚቆየው ሁሉ ያንቺም ሁለት ቀን ይደር። ጥቂት ኮላ ብትጨምሪበት ሲነካ አይረግፍም። ካርቶን ላይ ከሆነ ቀድሞ ውኃ በገባበት ኮላ ተቀብቶ ይድረቅ፤ ከዚያ 2 ሚሊሜትር ምርጊት፣ ሲደርቅ ሁለተኛ። በጥላ ይድረቅ እንጂ ፀሐይ ላይ አይውጣ።

የሚሻለው ግን ካርቶኑን ትቶ እንደ እውነተኛው መሥራት ነው። ከ7 እስከ 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የባሕር ዛፍ ጭራሮ ቋሚ ይሁን፤ በወፍራም የአረፋ ቁራጭ ላይ ክብ አድርገሽ ትከይው። ስቴኪኒውን ማገር አድርገሽ በክር እሰሪ፣ ከዚያ ከውስጥም ከውጪም ምረጊ። አንድ ጥግ ላይ ምርጊቱን ሳትጨርሺ ብትተይው ማገሩ ይታያል፤ ልጅቷም ቤት እንዴት እንደሚቆም ትማርበታለች።

ስለ ስፋቱ፦ 5 ሜትር ጎጆ በ1 ለ 12 ሲሠራ 42 ሴንቲሜትር ስለሚሆን ጠረጴዛ ይሞላል። ግማሹን ብቻ ሥሪ፤ ጀርባው ክፍት ይሁንና እጇን አስገብታ ትጫወትበት። ለጣሪያው 32 ሴንቲሜትር ሬዲየስ ያለው ክብ በካርቶን አውጪ። ሙሉ ጎጆ ቢሆን ከክቡ 281 ዲግሪ ይወሰድ ነበር፤ ለግማሹ 140 ይበቃል። ሲጠቀለል ቁመቱ 20 ሴንቲሜትር ይሆናል፣ ግራና ቀኝም ከግድግዳው 4 ሴንቲሜትር ወጣ ይላል።

ክዳኑ ሰንበሌጥ ከሆነ ለዚህ መጠን ይወፍራል። ስፌት የሚሰፉ ሴቶች የሚተርፋቸውን አክርማ ጠይቂ፤ ቀጭን ነው። ትንንሽ እስር አድርገሽ ከታች ከጠርዙ ጀምሪና ወደ ላይ እየደረብሽ ውጪ፤ ከላይ ከጀመርሽ ክሩ ሁሉ ይታያል። ጠርዙን በመቀስ ማስተካከል የመጨረሻው ሥራ ነው።

መልስ (ሜሪላንድ የምትኖር)

አክርማም ጭድም በማይገኝበት አገር ለምትሠሩ፦ የቃጫ ገመድ ፈትታችሁ በማበጠሪያ አበጥሩት፤ ለክዳን ያምራል። ለሱቁ ዕቃ ደግሞ የሱፐርማርኬት የቅናሽ ማስታወቂያ ወረቀት አትጣሉ። የሳሙናው፣ የዘይቱና የብስኩቱ ሥዕል በትክክለኛው መጠን አንሶ የታተመበት ስለሆነ ቆርጦ በቁራጭ እንጨት ላይ መለጠፍ ነው። ባዶ የመድኃኒት ማሸጊያ ፕላስቲክ ተገልብጦ የከረሜላ መያዣ ይሆናል።

መልስ (የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሐዋሳ)

ግድግዳ ላይ ካለው ሶኬት በቀጥታ የሚመጣ ኤሌክትሪክ ወደዚህ ቤት አይጠጋ። ከተበላሸ የእጅ ባትሪ ነጭ ኤልኢዲ (ትንሿን አምፖል) አውጪ። ሁለት ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ተከታትለው ሲቀጠሉ 3 ቮልት ይሰጣሉ፤ አንዱን መብራት ለስለስ አድርገው ያበሩታል፣ የሱቅ መብራትም ከዚህ መድመቅ የለበትም። በስልክ ቻርጀር 5 ቮልት ከተጠቀምሽ 150 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚቀንስ ትንሽ ዕቃ) በመካከል ይግባ፤ ካልገባ ኤልኢዲው ይቃጠላል። የኤልኢዲው ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው።

የሳንቲም ቅርጽ ያለውን ትንሽ ባትሪ ግን አትጠቀሚ። ሕፃን ቢውጠው ጉሮሮ ላይ ተቀርቅሮ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ያደርሳል። ቤት ውስጥ ታናሽ ካለ ይህ ቀልድ አይደለም። ድንጋዮቹን ከሱቁ ጀርባ ባለ ሣጥን አስገቢና በብሎን ዝጊው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሻንጉሊቷን ለካኋት፤ 14 ሴንቲሜትር ናት፣ ስለዚህ 1 ለ 12 ይሁን። የጎጆውንም ጭቃ ለመሞከር ወስኛለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ ሣሩ ከላይ ጫፉ ላይ ሲገናኝ ክፍተት ይቀራል፣ እንዴት ይዘጋል?

መልስ (ጡረተኛ መምህር፣ ጎጃም)

የመጨረሻውን ዙር ሣር ከጫፉ አሳልፈሽ ተይው፤ ሰብስበሽ በክር አጥብቀሽ እሰሪውና ትርፉን ቁረጪ። በላዩ ላይ ማሰሮ ይደፋበታል፤ በአገሩም ዝናብ እንዳያስገባ በየጎጆው ጫፍ የሚደፋ ነው። ያንቺን ከተረፈው ጭቃ በአውራ ጣትሽ ጫፍ ላይ ቅረጪው። ጎጆው ግማሽ ስለሆነ ማሰሮውን ሳይደርቅ በክር ለሁለት ክፈይው። ሲደርቅ በኮላ ይጣበቅ።