ሙቀቱ ከገባ ወዲህ ከባሕሩ ዳርቻ ዓሣ ጠፋብኝ፤ ምን ልቀይር?

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከዳርቻ ቆሜ በዘንግ ማጥመድ ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቀዝቀዝ ባሉት ወራት ባዶ እጄን የተመለስኩበት ቀን ጥቂት ነው። ሙቀቱ ከገባ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ምንም የለም። ቦታው ያው፣ ዘንጉ ያው፣ መንጠቆው ላይ የምሰካው ሽሪምፕም ያው። የምወጣው ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ነው። ሁለቴ ደግሞ የሆነ ነገር ክሬን በጥሶ መንጠቆውን ይዞ ሄደ። የተበጠሰው ጫፍ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ልተወው ወይስ መላ አለው?

ሌሊት አጥማጁ፦
ወንድሜ፣ እንዳትተወው። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ደግሞ ቶሎ ይሞቃል። ብዙው ዓሣ ቀን ወደ ጥልቁ ይርቅና ሲመሽ ለመብላት ወደ ዳር ይመጣል። አንተ የምትደርሰው እሱ ሲሄድ ነው። ጎህ ሳይቀድ ድረስ። ካልሆነም ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጀምርና እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ቆይ።

የዳርቻው ሰው፦
ሰዓቱ ልክ ነው፤ እኔ ግን የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ይበልጣል ባይ ነኝ። ውሃ ካልተንቀሳቀሰ ንጋትም ቢሆን ዝም ነው። ብዙ ቦታ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ስለዚህ ዛሬ በሞላበት ሰዓት ከሳምንት በኋላ ብትሄድ ጎድሎ ታገኘዋለህ። ለእኔ ምርጦቹ ሙላቱ ጫፍ ሳይደርስ ያሉት ሁለት ሰዓታት ናቸው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትጠፋ ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል።

አንድ ቀን ደግሞ ዘንግህን ቤት ተወውና ውሃው ሲጎድል ዳርቻውን ብቻ እይ። በአሸዋ ጉብታዎች መሃል የተቦረቦረ ቦይ ታያለህ። ሲሞላ ከላይ ጠቆር ይላል፣ የሞገዱ አረፋም እዚያ ላይ ይጠፋል። ዓሣው የሚመላለሰው በዚያ ነው። አንዳንዴ ቦዩ ከእግርህ 15 እርምጃ እንኳ አይርቅም፤ ጀማሪ ግን አርቆ ይወረውርና ዓሣውን አልፎት ይሄዳል። ብቻ ጉብታው ተቆርጦ ውሃው ወደ ባሕሩ የሚወጣበት ቦታ ላይ አትግባ። ጎትቶ ይወስድሃል።

ባለ ሽቦው፦
ክርህን የሚቆርጠው ባራኩዳ ወይም ሌላ ጥርሳም ዓሣ ይመስለኛል። ከመንጠቆው በላይ 20 ሴንቲሜትር ያህል ቀጭን ሽቦ አስገባ። እና ይቺን አደራ፦ ኮራል ከሚባለው የባሕር ውስጥ ዓለት አካባቢ የተያዘ ትልቅ ባራኩዳ አትብላ። ሲጓቴራ የሚባል መርዝ ሊኖርበት ይችላል። መልኩም ሽታውም አያስታውቅም፤ መቀቀልም መጥበስም አያጠፋውም።

እህታችሁ፦
በሙቀቱ ወራት ብዙ ዓይነት ዓሣ እንቁላል ስለሚጥል፣ አንዳንዱን ማጥመድ የሚከለከልበት ጊዜ ሊኖር ይችላልና አስቀድመህ ጠይቅ። ውሃ ውስጥ ስትራመድ ደግሞ እግርህን አታንሳ፤ አሸዋውን እየጎተትክ ሂድ። አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ስቲንግሬይ (ጅራቱ ላይ መርዛማ እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ) ቀድሞ ይሸሻል። ከወጋህ ቁስሉን መቻል በምትችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከርና ወደ ሐኪም ሂድ። ለምትይዘው ዓሣ ደግሞ በረዶ ያዝ። በተለይ ቱና እና ማኬሬል ፀሐይ ላይ ከቆዩ ማብሰል የማያጠፋው መርዝ ይፈጠርባቸዋል።

ጠያቂው፦
ተባረኩ! ዛሬ ንጋት ውሃው እየሞላ ሳለ ቦዩ ላይ ወረወርኩ። ሦስት ያዝኩ። አንዱ ትንሽ ስለነበር ለቀቅኩት፤ ግን በጎኑ ተንሳፎ ቀረ። ምን አጠፋሁ?

ሌሊት አጥማጁ፦
እንኳን ደስ አለህ! ሞቃት ውሃ ውስጥ የታገለ ዓሣ ቶሎ ይደክማል። አታድክመው፣ ፈጥነህ ሳበው። እጅህን አርጥበህ ያዘው፤ ደረቅ እጅ ቆዳው ላይ ያለውን ዝልግልግ ይገፈዋል። መንጠቆውን ከተቻለ ውሃው ውስጥ እንዳለ አውጣለት። ከዚያ አፉን ወደሚመጣው ውሃ አዙረህ ደግፈው። ራሱ ጅራቱን መትቶ ከእጅህ እስኪወጣ አትልቀቀው።