የእረፍት ሰዓቱ ፊልም፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ዕቅድ

ጸሐፊ፦ ተማሪ ሳለን በእረፍት ሰዓት ስንጫወት የተቀረጸው ፊልም ጉዳይ ዘንድሮ ማለቅ አለበት። ቆርቆሮው ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ፊልሙ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። ከጀመረ ደግሞ አይመለስም፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም። ባለ 16 ሚሊ ሜትር፣ 400 ጫማ፣ ድምፅ አልባ፣ 11 ደቂቃ ገደማ ነው። ሌላ ቅጂ የለም። በአስቸኳይ ስካን ይደረግ። በፕሮጀክተር እንይ የሚል ሰው እንዳይመጣ፤ የተኮማተረ ፊልም ይበጠሳል።

ገንዘብ ያዥ፦ ያለው ብር ለአጥሩ የተዋጣ ነው። አይነካም።

የዲሲዋ፦ ውጭ ያለን እናዋጣለን። ግን ማን ያመጣዋል? በእጅ ሻንጣ እንጂ ከጭነት ጋር አይላክም።

6ኛ ቢ፦ እኔ ሐምሌ ላይ እሄዳለሁ፣ እወስደዋለሁ። መጀመሪያ ግን የግብዣ ካርዱ ይታረም። «የ6ኛ ኤ ልጆች ጨዋታ» ያለው ማነው? ብይ የሚጫወቱት የእኛ ክፍል ናቸው።

6ኛ ኤ፦ ገመድ የሚዘሉትስ? ሰኞ ማክሰኞስ?

6ኛ ቢ፦ ሰኞ ማክሰኞው የተሰመረው እኛ በር ላይ ነው!

6ኛ ኤ፦ የኛ በር ጭቃ ስለነበር ነዋ እናንተ ጋ የምንመጣው።

የዲሲዋ፦ ኧረ ተዉ! ካሜራው በእጅ የሚጠመዘዝ ቦሌክስ ነበር። አንዴ ተጠምዝዞ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ያነሳው ልጅ በዚያች ጊዜ ክፍል ሊመርጥ ነው? ፊቱ የመጣውን ነው የቀረጸው።

6ኛ ቢ፦ ታዲያ ለምን የኤ ተባለ? ሁሌም ሁሉ ነገር የኤ ነው። ዋንጫውም የኤ።

6ኛ ኤ፦ ዋንጫውን አሸንፈን ነው የወሰድነው!

6ኛ ቢ፦ በማን ዳኛ?

ገንዘብ ያዥ፦ አሁንስ አበዛችሁት። የልጅ ልጅ ያያችሁ ሰዎች ናችሁ።

ጸሐፊ፦ ካርዱ ላይ «የትምህርት ቤታችን ልጆች» ይባል፣ አለቀ። 6ኛ ቢ፣ ፊልሙን መቼ ትረከባለህ?

ጸሐፊ፦ ሳምንት ሆነው። መልስ አላየሁም።

6ኛ ኤ፦ ስልክ ተደዋውለን ተስማምተናል። በጉባኤው ቀን የኤ እና የቢ ግጥሚያ ይደረግና ይለይለት።

የዲሲዋ፦ ማልያውን ለእኔ ተዉት።

ገንዘብ ያዥ፦ ሜዳው መደልደል አለበት። ለእሱ ከሆነ ከአጥሩ ብር ትንሽ ማውጣት ይቻላል።

ጸሐፊ፦ ለሜዳ ተቻለ፣ ለፊልሙ አልተቻለም? እሺ፣ ረቂቁ ላይ ገብቷል፦ ሜዳ፣ ማልያ፣ ከዚያ ፊልም። ፊልሙን የሚወስድ ሰው ግን አሁንም እፈልጋለሁ።

6ኛ ኤ፦ ዳኛው ከሁለታችንም ክፍል ያልሆነ ይሁን።